ሦስት ጊዜ ያገባችውን ኤልሳቤጥ አሽብሪጅን በኩዌከር መዛግብት መከተል፦ እስካሁን የተማርኩት

ለዘር ሐረግ ፍለጋ ልምምድ ኤልሳቤጥ አሽብሪጅን የመረጥኳት የሕይወት ታሪኳን በገዛ እጇ ጽፋ ስለተወች ነው። ከመዝገብ የሚገኘውን ከራሷ ቃል ጋር ማመሳከር ይቻላል፤ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መምህር የለም።

እ.ኤ.አ. በ1713 እንግሊዝ አገር፣ ቼሻየር ውስጥ ከሳምፕሰን ቤተሰብ ተወለደች። በ14 ዓመቷ ከወላጆቿ ኮብልላ አገባች፤ በተጋቡ በአምስት ወራቸው ባሏ ሞተ። በ1732 ኒው ዮርክ ደርሳ በውል አገልጋይነት (ለተወሰኑ ዓመታት ያለ ደመወዝ ለማገልገል) ተሸጠች። ከዚያ ሱሊቫን የተባለ መምህር አገባች፤ ፔንስልቬኒያ ውስጥ ኩዌከር (ጦርነትን የሚቃወም የክርስቲያን ማኅበር አባል) ስትሆን ግን ሰውየው እምነቷን ጠልቶ አሠቃያት። በመጨረሻ ሰክሮ ለውትድርና ተመዘገበና ወደ ኩባ ተላከ፤ እዚያ «አልዋጋም» በማለቱ ክፉኛ ተደብድቦ ለንደን አጠገብ ቼልሲ ሆስፒታል ውስጥ አረፈ። ይህን ሳነብ ልቤ ተነክቷል፤ ሲከለክላት የኖረውን እምነት ራሱ ተቀብሎ ነው የሞተው። እሷም በ1746 አሮን አሽብሪጅን አገባች።

አንዲት ሴት፣ አራት የቤተሰብ ስም። እኛ ዘንድ ሴት ብታገባም የአባቷን ስም ይዛ ስለምትቀጥል ዱካዋ አይጠፋም። እዚያ ግን ባሏ የሞተባት ሴት እንደገና ስታገባ ከመዝገብ የተሰወረች ትመስላለች።

ኩዌከሮች ግን ጋብቻን በካህን ፊት አይፈጽሙም፤ ማኅበሩ ራሱ መርምሮ ይፈቅዳል። ሙሽሮቹ በወርኃዊው ስብሰባ ላይ ቀርበው ሐሳባቸውን ይናገራሉ። በዚያ ዘመን ወንዶቹና ሴቶቹ ለየብቻ ይሰበሰቡ ስለነበር ሁለት ቃለ ጉባኤ አለ። ሴቶቹ ስለ ሙሽራዋ፣ ወንዶቹ ስለ ሙሽራው የሚያጣሩ ሰዎች ይመርጡ ነበር፦ ከሌላ ሰው ጋር የገባችው ቃል የለም? ባሏ የሞተባት ከሆነችም የልጆቿ የውርስ ድርሻ ተጠብቋል? በሚቀጥለው ወር መልሱ ይቀርባል፣ ፈቃድ ይሰጣል፤ ከሠርጉ በኋላ ደግሞ በሥርዓት መፈጸሙ ይመዘገባል። ስለዚህ የአንድ ጋብቻ ዱካ በተከታታይ ወራት ውስጥ ተደጋግሞ ይገኛል። አንዱ ገጽ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል። እኔ አሁን የሴቶቹን መጽሐፍ አስቀድማለሁ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው እሱን ነው።

ከሁሉ የምወደው የጋብቻው ምስክር ወረቀት ነው። ጽሑፉ ሙሽራዋን በቀድሞ ስሟ ይጠራታል፤ ስትፈርም ግን የባሏን ስም ይዛ ነው። ሁለቱ ስሞች አንድ ወረቀት ላይ! ከሥር የተገኙት ሁሉ በምስክርነት ይፈርማሉ፤ ዘመዶች ብዙውን ጊዜ ከሙሽሮቹ ፊርማ በታች ይሰለፋሉ። የማን እህት፣ የማን አማች እንደሆነች ፍንጭ የሚገኘው እዚያ ነው።

ቀኑን ተጠንቀቁ። ኩዌከሮች ወራትን በቁጥር ነው የሚጠሩት፤ እስከ 1752 ድረስ ደግሞ አዲስ ዓመት የሚገባው በማርች 25 ስለነበር አንደኛው ወር ማርች ነው። «12ኛ ወር 1745» ቢል በዛሬው አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 1746 ማለት ነው። ዓመትን በመስከረም ለምንቀይር ሰዎች ይህ እንግዳ አይሆንም።

ልጆች ካሉ የወላጅ አልባ ልጆችን ጉዳይ የሚያየውን ፍርድ ቤት መዝገብም ተመልከቱ። የሟች ንብረት አስተዳዳሪ የሆነች ሴት ዳግም ስታገባ ሒሳቡን የምታቀርበው በአዲሱ ስሟ ነው፤ ኤልሳቤጥ የኖረችበት የፔንስልቬኒያው ቼስተር ካውንቲ (ወረዳ) መዝገብ ዌስት ቼስተር ከተማ በሚገኘው ቤተ መዛግብት ተቀምጧል።

ብዙዎች የሚጀምሩት ዊልያም ዌድ ሂንሾው ከኩዌከር መዛግብት አውጥቶ ከ1936 ጀምሮ ባሳተማቸው ጥራዞች ነው፤ ኤልሳቤጥ የነበረችበት የጎሼን ማኅበር ግን እነሱ ውስጥ የለም። ዋናውን ቃለ ጉባኤ ማንበብ ግድ ነው። የፔንስልቬኒያ ኩዌከሮች መዛግብት በስዋርዝሞርና በሃቨርፎርድ ኮሌጆች ይገኛሉ፤ ብዙው ፎቶ ተነሥቶ አንሴስትሪ በተባለው የዘር ሐረግ ድረ ገጽ ላይ ተጭኗል።

ቀጥሎ ወደ አየርላንድ ነኝ። ኤልሳቤጥ በ1753 ለስብከት ባሕር ተሻግራ በ1755 ካርሎው ውስጥ አርፋለች። ተጓዥ ሰባኪ ከማኅበሩ የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ ስለሚሄድ፣ የእሷን ከጎሼን ቃለ ጉባኤ ጀምሬ ደብሊን እስካለው የኩዌከሮች ቤተ መጻሕፍት ድረስ እፈልጋለሁ።