ወረቀቱ እስኪሳሳ

ዛሬ አዘዞ፣ 9ኛ ክፍል የምትማረው የጎረቤታችን ልጅ የፊዚክስ ደብተሯን ይዛ መጣች። ገና ሳትቀመጥ በእንግሊዝኛ «አይ አም ስታክ» (መቀጠል አቃተኝ) አለችኝ፣ ጥርት አድርጋ። ደብተሩን ገለጥኩት። ሁለት መስመር በአግባቡ ሠርታለች፤ ሦስተኛው ላይ ተጽፎ የተፋቀ፣ እንደገና ተጽፎ የተፋቀ፣ ወረቀቱ እስኪሳሳ ድረስ።

«ለመምህርሽ ለምን አላሳየሽም?»

«ጋሼ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን በእንግሊዝኛ ማስረዳት አልችልም።»

በአማርኛ እያስረዳችኝ ሳለ ራሷ ደረሰችበት፤ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የተባለውን ፍጥነት ወደ 20 ሜትር በሰከንድ አልቀየረችውም ነበር። እኔ ምንም አላስተማርኳትም፣ ሰማኋት እንጂ።

ፊዚክሱም ሒሳቡም በእንግሊዝኛ ነው። ስንቱ ልጅ ይሆን ጥያቄውን በሆዱ ይዞ «አይገባውም» የሚባለው? መምህራን፣ እባካችሁ የቸገራቸውን በአማርኛም ይጠይቋችሁ።