የፊቱ ፍሬን በየትኛው እጅ ነው?

ሰውዬው ሲወድቁ አሥር ሜትር ያህል ከኋላቸው ነበርኩ። ላም መንገዱ ላይ ብቅ አለች። እሳቸው ደንግጠው ፍሬን ያዙ። የፊቱ ጎማ ጠጠሩ ላይ ተንሸራተተና በመሪው ላይ አልፈው መሬት ላይ አረፉ። መንገዱ እዚያ ጋ ስለሚታጠፍ ግራ ጎናቸው ወደ እኔ ነበር። የግራ እጃቸው አራት ጣቶች ፍሬኑን ጨምድደው እንደያዙ አየሁ። ምን እንደተፈጠረ የገባኝ ያኔውኑ ነው። ብስክሌቱን ጠዋት ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ።

የምሠራው ስዊዘርላንድ፣ ግሪንደልቫልድ ነው። በአንድ የብስክሌት ኪራይና ጉብኝት ድርጅት ውስጥ ጠጋኝ ነኝ። ቡድኑ ትልቅ ሲሆን አብሬ እወጣለሁ። አስጎብኚዋ ከፊት ትመራለች፣ እኔ ማንም እንዳይቀር ከኋላ እከተላለሁ። ያን ቀን እንግዶቹ ስምንት ነበሩ። ሁለቱ ከእንግሊዝ የመጡ፣ ስድሳን ያለፉ ባልና ሚስት ናቸው። የወደቁት ባልየው ናቸው።

መንገዱን ብነግራችሁ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም በጣም እወደዋለሁ። ከተማዋ ያለችው 1,034 ሜትር ላይ ነው። ከዚያ በሞተር የሚታገዝ ብስክሌት ይዘን ግሮሴ ሻይዴግ እስከሚባለው የተራራ መተላለፊያ በር ድረስ እንወጣለን፤ 1,962 ሜትር። የላይኛው መንገድ ለግል መኪና ዝግ ነው። የሕዝብ አውቶቡስ ግን ያልፋል። ኩርባው ላይ ሲደርስ በሦስት ድምፅ ጥሩምባውን ይነፋል፣ እኛም ጥግ እንይዛለን። በቀኝ በኩል የቬተርሆርን ገደል አናታችን ላይ ይቆማል። ወደ ኋላ ዞር ስትል የአይገር ተራራ አለ፣ 3,967 ሜትር። ከበሩ በኋላ የጠጠር መንገድ ይዘን በግጦሹ መሃል ፊርስት ወደሚባለው ከፍታ እንሄዳለን። በበጋ ከብቶቹ እዚያ ናቸው። ላሟ ከመታየቷ በፊት የአንገቷ ደወል ይሰማል።

ግሮሴ ሻይዴግ ላይ ውኃ ስንጠጣ ሰውዬው አጠገቤ ተቀመጡ። የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። ከኢትዮጵያ ነኝ ስላቸው ራስ ደጀንን ራሳቸው አነሱ። ከዚህ ከአይገር ከ500 ሜትር በላይ እንደሚበልጥ ስነግራቸው ተራራውን ቀና ብለው አዩትና እጄን ጨበጡኝ። በኋላ ስለ አደጋው ሳስብ የሚመጣብኝ ይሄ ጭብጥ ነው።

የወደቁት ከፊርስት ወደ ታች ስንወርድ ነው።

አሁን ስለ ፍሬኑ። በአብዛኛው የአውሮፓ አገር፣ ስዊዘርላንድም ጭምር፣ የግራው እጀታ የፊቱን ጎማ ይይዛል፣ የቀኙ የኋላውን። እንግሊዝ አገር ተገላቢጦሽ ነው። እዚያ አዲስ ብስክሌት ሲሸጥ ቀኝ እጅ የፊቱን፣ ግራ እጅ የኋላውን እንዲይዝ ሕጉ ራሱ ያዛል። ስለዚህ ሃምሳ ዓመት እዚያ የነዳ ሰው ቁልቁለት ላይ ሲደነግጥ የኋላውን ጎማ የሚይዝ መስሎት ግራውን ይጨምቃል። የእኛ ብስክሌት ደግሞ በዘይት የሚሠራ የዲስክ ፍሬን ነው ያለው። አንድ ጣት ይበቃዋል። ቁልቁለት ላይ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ሄዷል፣ ከሥር ያለው ልቅ ጠጠር ነው። አራት ጣት ሲያርፍበት የፊቱ ጎማ ይቆለፋል።

ይህን አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው። አውቅ ነበር። አስጎብኚዋም ጠዋት ሱቁ በር ላይ እጇን እያነሳች ተናግራለች፤ «ግራ የፊት፣ ቀኝ የኋላ»። ሰውዬው በዚያ ሰዓት የሄልሜታቸውን ማሰሪያ እያጠበቁ ነበር። ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ነቀነቁ ብዬ ወደሚቀጥለው ጎማ ዞርኩ።

ከትከሻና ደረት መሃል ያለው ቀጭኑ አጥንት ተሰብሮ ነበር። እዚህ ተራራ ላይ የሚሠራ ሰው ሁሉ የነፍስ አድን ሄሊኮፕተሩን ቁጥር፣ 1414ን፣ በቃሉ ይዟል። ያን ቀን ግን መኪና የሚደርስበት መንገድ ስለነበር አስጎብኚዋ 144 ደውላ አምቡላንስ መጣ። እስኪመጣ ድረስ ጃኬቴን ከጭንቅላታቸው ሥር አድርጌ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ባለቤታቸው ጤነኛውን እጃቸውን ይዘዋል። ሰውዬው ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠየቁኝ። እኔን! ምን እንደምመልስ ጠፋኝ።

ማታ አለቃዬ «ተነግሯቸዋል፣ ፈርመዋልም» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔ ግን ቤት ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ፊርማ እጅን አያስተምርም።

ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። ሜዳ ስለሆነ ሳይክል የማይነዳ ልጅ ማግኘት ይከብዳል። ሰፈራችን ውስጥ በሰዓት የሚያከራዩ አንድ ጋሼ ነበሩ። ገንዘቡን ከመቀበላቸው በፊት «እስቲ አንድ ዙር» ይላሉ። ማዶ ያለውን ዛፍ ዞረህ በራቸው ፊት ካላቆምክ ሳይክሉ የለም። እኛ ንዝንዝ ይመስለን ነበር፤ ከሰዓታችን ላይ የሚቀነስ ይመስለን ነበር። እሳቸው ግን በርጩማቸው ላይ ሆነው እግራችን መሬት ይነካ እንደሆነ፣ እጃችን የትኛውን ፍሬን እንደሚፈልግ ያዩ ነበር። ያንን ሁሉ ዓመት ሳይክል ስጠግን ኖሬ ይሄን ነገር እዚያው ትቼው መምጣቴ ነው የቆጨኝ።

በማግስቱ አለቃዬን ጠይቄ ሱቁ ፊት መሬቱ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመርኩ። አሁን ማንም እንግዳ ከመውጣቱ በፊት ሁለት ጥያቄ አለብኝ። ቤትዎ ያለው ብስክሌት የፊት ፍሬኑ በየትኛው እጅ ነው? ሞተር ሳይክል ይነዳሉ? ሁለተኛው ብዙ ሰው ያስገርመዋል። ሞተር ሳይክል የትም አገር ቢሆን የፊት ፍሬኑ በቀኝ እጅ ነው፣ ስለዚህ ከሚላን የመጣ ሞተረኛም ሊሳሳት ይችላል። ከዚያ አንድ ዙር ዞረው መስመሩ ላይ ያቆማሉ። ሳያስቡት «ቁም!» እላለሁ። አፋቸውን አልሰማም፣ እጃቸውን ነው የማየው። እጁ ከተሳሳተ ፍሬኑን እቀይራለሁ። አንዳንዱ እጀታ በሁለቱም በኩል ስለሚሠራ ፈትቶ ማለዋወጥ ነው። ሌላው የዘይት ቱቦውን ከፍቶ አየሩን ማስወጣት ይፈልጋል፣ ጊዜ ይወስዳል። ጊዜ ይውሰድ።

መስመሩን መጀመሪያ የሞከሩት የሰውዬው ባለቤት ናቸው። ባላቸው እጃቸውን በጨርቅ ታስረው ሆቴል ተኝተዋል። እሳቸው የሁለት ቀን ኪራይ ቀርቷቸው ነበር። ገንዘቡን ሊያስመልሱ የመጡ መስሎኝ ነበር። «የእኔን እንደ አገራችን አድርግልኝ» አሉኝ። አደረግሁላቸው። አንደኛውን ዙር እጃቸውን እያዩ ቆሙ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። በሦስተኛው ዓይናቸው ተራራው ላይ ነበር፤ «ቁም!» ስል ጎማው ጠመኔው ላይ አረፈ።