ደረት በአንድ እጅ

ከጣርማ በር ዳገት ሥር ባለች ከተማ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። ነገሩ የሚጀምረው ከአንዲት አስተማሪ ነው። ጣቶቿ ተኮራምተው፣ የአፏ ዙሪያ ደንዝዞ፣ «ልሞት ነው» እያለች መጣች። «ስትሮክ» ብዬ ጽፌ በአምቡላንስ ከዳገቱ ወደ ላይ ወዳለው ሆስፒታል ላክኋት። ገና ሳትደርስ ተሻላት። ለካ ድንገት የሚነሣ ብርቱ ጭንቀት ኖሯል፤ ቶሎ ቶሎ ስትተነፍስ በደሟ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አንሶ ጣቶቿን አኮራመታቸው። የተቀበላት ሐኪም ደውሎ «ሲስተር፣ እናንተ ዘንድ ጣቱ የታጠፈ ሁሉ ስትሮክ ነው?» አለኝ። ቀልዱ ከእኔ ቀድሞ ሻይ ክበብ ደረሰ። ሁለት ወር ሙሉ ጣቱን አጥፎ «ሪፈር ጻፊልኝ» የሚለኝ አልጠፋም።

ከዚያ የወንድሟን መርዶ ሰምታ የወደቀች ሴት አመጡልኝ። መርዶ የሚነገረው ሲነጋጋ ስለሆነ ሰዓቱን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ልክ 12 ሰዓት። ስትሮክ መቼ እንደጀመረ እንዲህ ጥርት ብሎ የሚታወቅበት ጊዜ ጥቂት ነው። እኔ ግን 12:40 ላይ ተቀብዬ «ድንጋጤ ነው፣ በቀስታ ተንፍሺ» አልኋትና ወደ ሌላ አልጋ ሄድሁ። ስትሮክ የሚለው ቃል እኮ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ያ ስልክ ታወሰኝና ዋጥሁት።

አማቷ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ባልቴት፣ መጥተው ክንዴን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ድንጋጤ ነው ብለሻል?»

«አዎ እማማ፣ ሐዘን ነው፤ ያልፍላታል።»

«በሐዘን ደረቱን በአንድ እጁ ብቻ የሚደቃ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ሰዓቱ 1:30 ነበር። ሁለት እጆቿን አንሺ አልኋት፤ ግራው ቀስ እያለ ወረደ። ግንባሯን ስትቋጥር በሁለቱም በኩል ተጨማደደ፤ የግራ ከንፈሯ ግን ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ስኳሯ 104፣ ግፊቷ 190 በ110። እጄ ወደ ግፊት ማውረጃው ሄዶ ተመለሰ፤ የደም ሥሩ የተዘጋበት አንጎል የቀረችውን ደም የሚያገኘው በዚያው ግፊት ነው። ጠበል ሊያቀምሷት የቀረቡትንም፣ ትን ብሏት ሳንባዋ እንዳይገባ፣ ለምኜ መለስሁ። አሚግዳላ የምትባለው የአንጎል ክፍል የፍርሃት ደወል ስትደውል ልብም፣ ሳንባም፣ ሁለቱም እጆች ይሰማሉ። የተዘጋ የደም ሥር ግን የሚያደርቀው የራሱን መስኖ ብቻ ነው። ይህን በሥልጠና ተምሬዋለሁ፤ ሰርተፊኬቱም አለኝ።

ለዚያው ሐኪም ደወልሁ። «እርግጠኛ ነሽ? ወይስ እንደ አስተማሪዋ?» አለኝ። መልስ ሳልሰጥ ስልኩን ዘጋሁ። እስከ ዛሬ ካደረግኋቸው ነገሮች የማልጸጸትበት ይህ ነው።

ጣርማ በር በጉም ተሸፍኖ አምቡላንሱ እየዳሰሰ ወጣ። በሲቲ ስካን ታይታ «የረጋ ደም ነው» ሲባል 5 ሰዓት ሆኗል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ በታየ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ስለሆነ፣ የእርሷ በር የተዘጋው 4:30 ላይ ነው። «ድንጋጤ ነው» ብዬ ያባከንኋትን ያቺን ሃምሳ ደቂቃ ብትመልሱልኝ ውጤቱ የሚታወቀው 4:10 ላይ ይሆን ነበር። መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ ይገኝ እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም፤ መልሱ የለም ከሆነ ጸጸቴ ሊቀልልኝ ነው፣ እርሱንም አልፈለግሁትም።

አስፒሪን ተጀመረላት፤ አሁን በምርኩዝ ትሄዳለች። በቀደም አማቷ በሶ ቋጥረው አመጡልኝ። በግራ እጄ ልቀበል ስል መልሰው ሳቡት።

«በሁለቱም ያዢው እስቲ፣ ልይሽ» አሉኝ።