እንጉዳዩን የት እናስቀምጠው?

ቢሾፍቱ ውስጥ ዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ ባስተማርኩበት የመጀመሪያ ዓመት ሕያዋን የሚመደቡባቸውን ትልልቅ ክፍሎች፣ ኪንግደሞቹን፣ ተማሪዎቼን እንደ ማባዛት ሠንጠረዥ አሸመደድኳቸው፤ ሞኔራ፣ ፕሮቲስታ፣ ፈንጋይ፣ ፕላንቴ፣ አኒማሊያ። ፈተናውን አለፉ። በሳምንቱ እንጉዳይ ይዤ ገባሁና "ይኼስ ከየትኛው ነው?" ብላቸው ክፍሉ በአንድ ድምፅ "ተክል!" አለ። ከመሬት የበቀለ፣ ካለበት የማይነቃነቅ ነገር ሌላ ምን ሊሆን?

በቀጣዩ ዓመት ስሞቹን ደበቅኳቸው። "ሕይወት ያለው ነገር ከየቤታችሁ አምጡ" አልኩ። የሻገተ እንጀራ፣ የሊጥ እርሾ፣ ሽንኩርት፣ በክብሪት ቀፎ የታሰረ ጉንዳን መጣ። እኔ ከአረንጓዴ ሐይቅ በሃይላንድ ውሃ ቀዳሁ። ሰሌዳው ላይ ሦስት ጥያቄ ብቻ ጻፍኩ፦ ሴሉ ኒውክለስ (አስኳል) አለው? አንድ ሴል ነው ወይስ ብዙ? ምግቡን እንዴት ያገኛል?

የሽንኩርቱን ስስ ልባስ ቁስል በምንቀባው አዮዲን ነክረን ስናይ በየሴሉ ውስጥ ነጥብ የመሰለው ኒውክለስ ታየ። የሐይቁ ውሃ ግን እንደ ሞላ የተጠማዘዘ አረንጓዴ ክር ብቻ ነበር። ስፒሩሊና ነው፤ ሐይቁን ያቀለመውም ፍላሚንጎውን የሚቀልበውም እሱ። እንደ ተክል በብርሃን ምግቡን ይሠራል፣ ኒውክለስ ግን የለውም፤ ስለዚህ ሞኔራ። ይህን ብዬ ላልፍ ስል አንዱ ልጅ "ቲቸር፣ አላየንም ማለት የለም ማለት ነው?" ብሎ አፋጠጠኝ። እውነቱን ነው። በእኛ ማይክሮስኮፕ አለመታየቱ ማስረጃ አይሆንም፤ ነገሩን የለየው የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው። ከዚያ ወዲህ በዓይናችን ያየነውንና ከመጽሐፍ የተቀበልነውን ለይቼ እናገራለሁ።

እርሾው ደግሞ እቅዴን አበላሸው። አንድ ሳጥን ውስጥ ሊከቱት ሲጣሉ ቆዩ፤ ለካ ጠብታው ውስጥ ፈንጋይ የሆነው እርሾም ሊጡን የሚያኮመጥጡት ባክቴሪያዎችም አብረው አሉ። እናቶቻችን በአንድ ስም የሚጠሩት ነገር የሁለት ኪንግደም መኖሪያ ነው።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎቼንም በኋላ ሳስብ አዘንኩላቸው። የሰጡኝ መልስ የስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ የሊኒየስ መልስ ነበር፤ እሱም በ18ኛው መቶ ዘመን ሕያዋንን ተክልና እንስሳ ብሎ ለሁለት ሲከፍል እንጉዳይን ከተክል ደምሮታል። አምስቱን ኪንግደሞች አሜሪካዊው የሥነ ምህዳር ተመራማሪ ዊተከር ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ በ1977 ደግሞ ተመራማሪዎቹ ካርል ዎዝና ጆርጅ ፎክስ በሴል ውስጥ ፕሮቲን የሚሠራውን የራይቦዞም አርኤንኤ አነጻጽረው ሞኔራ ያልነው ሁለት የተራራቁ ወገኖች፣ ባክቴሪያና አርኪያ፣ መሆኑን አሳዩ። አሁን አምስቱን ሳስተምር ዓመተ ምሕረታቸውንም አብሬ እጽፋለሁ።

እንጉዳይስ? የሴሉ ግድግዳ የነፍሳት ቅርፊት ከተሠራበት ከካይቲን ነው፤ እንደ እንስሳም ግላይኮጅን የሚባለውን የኃይል ስንቅ ያከማቻል። በዘር ሐረጉም ከተክል ይልቅ ለእንስሳ ይቀርባል አልኳቸው። ዐቢይ ጾም ነበር። ከኋላ አንዷ እጇን አወጣች፦ "ቲቸር፣ ታዲያ አይጾምም እንዴ?"

የነፍስ አባትሽን ጠይቂ አልኳት።