ኮን ኬንን እንዴት ለመድኩት

ታይላንድ ውስጥ ኮን ኬን በምትባል ከተማ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር ስል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ምግብ ነው። «ያለ እንጀራ እንዴት ቻልሽው?» ይሉኛል። ምግቡስ ቀላል ነበር። የከበደኝ ሰላምታው ነው።

ትናንት አራት ኪሎ አንድ ካፌ ከጓደኛዬ ታናሽ እህት ጋር ቁጭ ብለን ነበር። እሷም ለማስተማር ልትሄድ ነው። ስለ ቪዛ ጠየቀችኝ፣ ስለ ደሞዝ፣ ስለ ልብስ፣ ስለ ሙቀቱ። የምትይዘው ታክሲ ስለነበር ዋናው ነገር ላይ ሳንደርስ ተለያየን። ዛሬ እሱን ልጻፈው ብዬ ነው።

ወረቀቱን ቶሎ ላንሳውና ልለፍ። ደቡብ ኮሪያ ለእንግሊዝኛ አስተማሪ የምትሰጠው ቪዛ በአብዛኛው የ7 አገር ዜጎችን ነው የሚቀበለው፤ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የካናዳ፣ የአየርላንድ፣ የአውስትራሊያ፣ የኒውዚላንድና የደቡብ አፍሪካ። ኢትዮጵያዊ ምንም ጎበዝ ቢሆን በዚያ በር አይገባም። ታይላንድ ግን ዲግሪና የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት ይዞ ለመጣ ሰው ዕድል ትሰጣለች። ከፊሊፒንስና ከካሜሩን የመጡ ብዙ አስተማሪዎች አሉ። የሥራ ፈቃድ አለ፣ የአገሪቱ የመምህራን ምክር ቤት የሚሰጠው የማስተማር ፈቃድ አለ፣ በየ90 ቀኑ ደግሞ ለኢሚግሬሽን አድራሻን ማሳወቅ አለ። ይኼ ሁሉ ይለመዳል። ያልለመድኩት ደሞዙን ነው። ያንኑ ክፍል እያስተማርን፣ ያንኑ ፈተና እያረምን፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው የሆነው ሰው ከእኔ የተሻለ ይከፈለው ነበር። ዛሬም ሳስበው ያበሽቀኛል።

ኮን ኬን ከባንኮክ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ያለች ከተማ ናት። አካባቢው ኢሳን ይባላል። እዚያ ሩዙ የሚጣበቅ ዓይነት ነው፣ በእጅ እየተድቦለቦለ ወጥ ነገር ውስጥ እየተነከረ ይበላል፤ ሰው ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርቶ ተቀምጦ ከአንድ ሳህን ይጎርሳል። ጥሬ ሥጋም ይበላሉ! የከብት ሥጋ ይከተፍና በሎሚ፣ በደረቅ ቃሪያ ዱቄትና ተቆልቶ በተፈጨ ሩዝ ይታሻል፣ አንዳንዴ ሐሞት ጠብ ይደረግበታል። ክትፎ ለብለብ እየበላች ያደገች ልጅ እዚያ ማዕድ ላይ ምን ይቸግራታል? መምህራኑ ፈረንጆቹን በዓይናቸው እየሸኙ ወደ እኔ ሲዞሩና እኔ ስጎርስ ደስታቸው ልክ አልነበረውም።

ችግሩ ጾም ላይ ነበር። ዓሣ ስለማልበላ ረቡዕና ዓርብ የምበላው ይጠፋኝ ነበር፤ አትክልቱም ሾርባውም የዓሣ መረቅ አለበት። በኋላ ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ የተጻፈ ምልክት የሚሰቅሉ ቤቶች እንዳሉ ደረስኩበት። ምግቡ ጄ ይባላል። ሥጋ የለው፣ እንቁላል የለው፣ ወተት የለው፣ የዓሣ መረቅ የለው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም፣ በዚህ ከእኛም ጾም ይጠብቃል። ያን ባንዲራ ያገኘሁ ቀን በጣም ነው ደስ ያለኝ። ድርቆሽና ሽሮ ከቤት ይዤ ነበር፣ እነሱን ለበዓል አስቀመጥኳቸው።

ደግሞ ሰዓታቸው! ከምሽት ጀምሮ እንደኛ ይቆጥራሉ። ፈረንጅ 7 የሚለውን እነሱም እኛም ማታ 1 ሰዓት እንላለን፣ እስከ 5 ድረስ አብረን እንሄዳለን። ዓመቱ ላይ ግን እንለያያለን፤ እኛ 2016 ላይ ሳለን እነሱ 2567 ላይ ነበሩ።

ወደ ሰላምታው ልመለስ።

ፒያሳ ሳለሁ ከቤት ወጥቼ ታክሲ እስክይዝ ድረስ የሚስመኝ ብዙ፣ እጄን ይዞ የማይለቀኝ ብዙ ነበር። እንዴት አደርሽ፣ እናትሽስ፣ ጉንፋኑ ለቀቀሽ፣ እግዜር ይመስገን። ይህ እንደ አየር ስለሆነ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ኮን ኬን ግን ሰው መዳፉን ደረቱ ላይ ገጥሞ ጎንበስ ይላል፣ ፈገግ ይላል፣ ያልፋል። በጣም የሚያምር ሰላምታ ነው፣ አክብሮቱ ከልብ ነው። ግን ማንም አይነካሽም። ራስ ደግሞ የተከበረ ነው፣ የሰው ራስ መንካት ነውር ነው። አንድ ልጅ ጎበዝ ሆኖ ሲመልስ ጸጉሩን ዳበስ ማድረግ ለእኔ ምርቃት ነው፤ እዚያ እጄን ሰብስቤ በቃል ብቻ ማመስገን ነበረብኝ። ሳምንታት ያልፋሉ፣ የሰው እጅ ሳይነካኝ። ይህን ያህል እንደሚጎዳ ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም። ማታ ማታ ሆዴ ይባባል፣ ምክንያቱን ግን አላውቀውም ነበር።

ሙቀቱም አግዞታል፣ ሚያዝያ ላይ 40 ዲግሪ ይደርሳል። እኔ ደግሞ የለመድኩት የአዲስ አበባን ብርድ ነው።

ክፍል ውስጥ ግን አገሬ ያለሁ ይመስለኝ ነበር። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ባንዲራ ይሰቀላል፣ መዝሙር ይዘመራል፣ ከዚያ ልጆቹ ተነስተው በአንድ ድምፅ ሰላም ይሉኛል። ጥያቄ ስጠይቅ ክፍሉ ጸጥ። ስለማያውቁ አይደለም፣ ጓደኛ ፊት ተሳስቶ ማፈርን ፈርተው ነው። ስድስት ኪሎ ተማሪ ሳለሁ እኔም እንደዚያው ነበርኩ፣ መልሱን እያወቅኩ አንገቴን የምደፋ። ስለዚህ መጀመሪያ መልሱን ከጎናቸው ላለ ልጅ በሹክሹክታ እንዲነግሩ አደርጋለሁ፣ ቀጥሎ ሁሉም አብረው ይላሉ፣ መጨረሻ ላይ ነው አንድ ልጅ ለብቻው የሚናገረው። ከሌላ አገር የመጣ አስተማሪ «እነዚህ ልጆች አይናገሩም» ሲል እሰማ ነበር። ይናገራሉ፣ እስኪደፍሩ መጠበቅ ነው እንጂ።

ሰኔ ላይ ደግሞ ተማሪዎች መምህራንን የሚያከብሩበት ቀን አለ። አበባ ይዘው ይመጣሉ፤ ቁጥቋጦ ላይ የሚያብብ ጫፉ መርፌ የመሰለ አበባ ለአእምሮ ስልነት፣ አቀርቅሮ የሚያብበው የደበርጃን (ኤግፕላንት) አበባ ለትሕትና። ተንበርክከው ነው የሚሰጡት። የኔታ ፊት በርከክ ብለው ፊደል የቆጠሩትን አያቴን አስታወስኩ። አንዲት ጸጉሯን እስከ ጆሮዋ የተቆረጠች ትንሽ ልጅ፣ ሁልጊዜ ሹሩባዬን እያየች የምታፍር፣ አበባውን ስትሰጠኝ እጆቿ መዳፌ ላይ አረፉ። እንባዬን መቆጣጠር አልቻልኩም።

ግን በየቀኑ ያኖሩኝ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሩዝ የሚሸጡ፣ እናቴን የሚያህሉ ሴትዮ ናቸው። አንድም የጋራ ቋንቋ አልነበረንም። እኔ በየጠዋቱ በዚያው ሰዓት እዚያው ዱካ ላይ እቀመጣለሁ፣ እሳቸው ያንኑ ያቀርባሉ። እየቆየ ከመቀመጤ በፊት ማቅረብ ጀመሩ። እየቆየ በልተሻል ወይ ማለት ጀመሩ። አንድ ጊዜ ታምሜ ስቀር በጥበቃው በኩል የሩዝ ሾርባ ላኩልኝ። ለካ እኔም እዚያ የምጠበቅ ሰው ሆኛለሁ! ከዚያ በኋላ ከተማዋ ቀለለችኝ፣ ቋንቋውም ቶሎ ቶሎ ገባኝ። ለጓደኛዬ እህት ስደውልላት የምነግራት ይህን ነው። ትምህርት የሚከፈተው ግንቦት 8 ገደማ ስለሆነ ቀደም ብላ ትሂድና አንድ የምትመላለስበት ቦታ ትምረጥ፣ ቋንቋውን እስክትችል አትጠብቅ።

አሁን ደግሞ ይህንኑ እዚህ እያደረግኩት ነው። ያደግኩበት የፒያሳ ሰፈር በ2016 ፈርሷል። ጎረቤቶቻችን ወደ ከተማው ዳር ተበትነዋል፣ እናቴም እዚያ ናት። መንገዱ ሰፍቷል፣ ማታ በመብራት ያምራል፣ እኔ ግን በዚያ ሳልፍ የሚስመኝ የለም። ቀበና ቤት ተከራይቼ ነው ያለሁት። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ አንዲት ጀበና ቡና የምትሸጥ ልጅ ጋር እቀመጣለሁ፣ በየቀኑ፣ እዚያው በርጩማ ላይ። ባለፈው ሳምንት ስሜን ጠየቀችኝ።

የድሮ ጎረቤቶቻችን ወር በገባ በ23 ጊዮርጊስ ይመጣሉ፣ ከየአቅጣጫው፣ ሁለት ታክሲ እየያዙ። እናቴ ነች የነገረችኝ። ለሚመጣው 23 ከሥራ ፈቃድ ጠይቄያለሁ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሁሉንም ቁርስ ልጋብዛቸው ነው።