መጀመሪያ ማስወጣት፦ ከቀዝቃዛ ውኃ ጋር የሦስት ወር ቆይታዬ

አየሩ 14 ዲግሪ ሲሆን ሹራብ ደርቦ የሚንሸራሸር ሰው፣ 14 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ሲገባ ለምን እንደሚጮኽ የገባኝ በራሴ ሲደርስ ነው። ውኃ ከአየር 25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ ሙቀት ይወስዳል። ይህን አስቀድሜ አንብቤ ነበር፤ ማንበብ ግን አያበርድም።

የመጀመሪያው ቀን ስህተቴ ጀግንነት ነበር። ሮጬ ዘለልሁ። ደረቴ የሌላ ሰው ይመስል ሳላዝዘው አየር በኃይል ሳበ፤ ከዚያ በኋላ ማለክለክ ብቻ ሆነ። ያን ጊዜ አፌ ከውኃው በላይ ባይሆን ኖሮ የምስበው አየር አልነበረም። ይህ ድንጋጤ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች ሲሆን ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይረግባል። ብዙ ጀማሪ ውኃውን የሚጠላው ለዚህ ይመስለኛል፦ ሊወደው ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ጥሎት ይወጣል።

ከዚያ ወዲህ ቀስ ብዬ በእግሬ እገባለሁ። ውኃው ወገቤ ሲደርስ ቆሜ ክንዴንና ማጅራቴን አርሳለሁ። ደረቴን ሊነካ ሲል አየር አስወጣለሁ፤ ሻማ ሳያጠፉ ነበልባሉን ብቻ እንደሚያወዛውዙ፣ በቀስታና በረጅሙ። መሳቡን ማንም ሳያስተምረን እናውቀዋለን፤ ልምምድ የሚፈልገው ማስወጣቱ ነው። ማስታወሻዬ ላይ ለሁለተኛው ቀን «90 ሰከንድ ማለክለክ» ይላል፤ ለስድስተኛው ደግሞ «ወዲያው ተረጋጋሁ»። አምስት ስድስት ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ መግባት ሰውነትን በእጅጉ ያለማምዳል።

ድንጋጤው ሲያልፍ ቆዳ ብርድንና ቃጠሎን መለየት ይተዋል። ያልመለስሁት ደብዳቤ፣ ያልጨረስሁት ሥራ፣ ሁሉም ከልብሴ ጋር ዳር ላይ ተቀምጦ ይቀራል።

መጥለቅ የጀመርሁት በሁለተኛው ወር ነው፤ ሁልጊዜ ከጓደኛዬ ጋር፣ አንዳችን ስንጠልቅ ሌላችን ላይ ሆነን እያየን። ከመጥለቅ በፊት ቶሎ ቶሎ መተንፈስ በእኛ ዘንድ ክልክል ነው፤ «ተንፍስ» ብሎ የሚያስጠነቅቀንን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አጥቦ ስለሚያወጣ ሰው ሳይታወቀው ራሱን ይስታል። ሌላም አለ። ፊት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ገብቶ ትንፋሽ ሲያዝ ልብ ዝግ ትላለች፤ የመግቢያው ድንጋጤ ደግሞ ያስሮጣታል። ሁለቱን ትእዛዝ በአንድ ጊዜ መስጠት የልብ ምትን ሊያዛባ ስለሚችል፣ ትንፋሼ ሙሉ በሙሉ ሳይረጋጋ ፊቴን አልነክርም።

ጆሮዬ ሳይጫነኝ አፍንጫዬን ይዤ በቀስታ እየነፋሁ እወርዳለሁ። 4 ሜትር ገደማ ላይ ውኃው በድንገት ይለወጣል፤ ደረቴ ገና ሻል ባለው ውኃ ውስጥ ሳለ የተዘረጋው እጄ በረዶ ውስጥ የገባ ይመስላል። ድንበሩ ከአንድ ክንድ አይሰፋም። እዚያ ላይ ሆኜ እጄን ማመላለስ፣ እውነቴን ነው፣ እንደ ልጅ ያስቀኛል። ከሥር ጠጠር አነሳሁ፤ ጣቶቼ ደንዝዘው ስለነበር መያዜን ያረጋገጥሁት በዓይኔ ነው።

አንድ ቀን ደስታው አታለለኝና ካሰብሁት 10 ደቂቃ አሳለፍሁ። ስወጣ ደህና ነበርሁ። የመጣብኝ በኋላ ነው፤ ከውኃ ከወጡም በኋላ የውስጥ ሙቀት ለጥቂት ጊዜ መውረዱን ይቀጥላል። ጥርሴ እየተንገጫገጨ የሸሚዜን ቁልፍ መቆለፍ አቃተኝና ጓደኛዬ እንደ ሕፃን አለበሰኝ። አሁን ቁልፍ ያለው ልብስ ይዤ አልሄድም። እንደወጣሁ ወዲያው ሰውነቴን አደርቃለሁ፣ ከላይ ጀምሬ እለብሳለሁ፣ ሞቅ ያለ ነገር በቀስታ እጠጣለሁ፤ ወደ ሙቅ ሻወር አልሮጥም።

ዋናተኛው ሉዊስ ፒው እ.ኤ.አ. በ2007 በሰሜን ዋልታ፣ ከዜሮ በታች 1.7 ዲግሪ በሆነ የጨው ውኃ ውስጥ 1 ኪሎ ሜትር ዋኝቷል። እኔ ትናንት 9 ዲግሪ ላይ 7 ደቂቃ ቆየሁ። ጠጠሩን ወደ ነበረበት መለስሁት፤ በዚህኛው ጊዜ ከጣቶቼ ሲለቅ ተሰማኝ።