በውኃ ላይ መጋደሚያ፦ ከስፖንጅ ፍራሽ ወደ ጠፍር

ካለፈው ጥቅምት ወር ጀምሮ በትርፍ ጊዜዬ ስሠራው የቆየሁት ተንሳፋፊ መጋደሚያ አሁን ሦስተኛ ቅርጹን ይዟል። በእጃችሁ ነገር መሥራት ለምትወዱ ወዳጆቼ እስካሁን ያየሁትን ሁሉ፣ የተበላሸውንም ጭምር፣ ላካፍላችሁ እወዳለሁ። በየመዋኛ ገንዳው የሚታየው በአየር የሚነፋ የላስቲክ ፍራሽ ለጥቂት ደቂቃ ደስ ያሰኛል፤ ቆየት ሲሉበት ግን ወገብ ይጎብጣል፣ አንገት ወደ ደረት ይታጠፋል፣ ፀሐይ ያገኘው ላስቲክም ጀርባን እያላበ ይጣበቃል። እኔ የፈለግሁት ወገቧን የሚያማት ታላቅ እህቴ፣ ዋና ባትችልም፣ ወገብ በሚደርስ ውኃ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳትጨነቅ የምትጋደምበትን ነገር ነበር።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ከመነሻው የተሳሳተ ነበር፤ ምቾት ማለት ልስላሴ መስሎኝ ነበርና። 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 180 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የፍራሽ ስፖንጅ ገዝቼ በሸራ አሰፋሁት፤ ከሥሩም ሁለት ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካኖች አሰርሁ። የገንዳውን ጠባቂ አስፈቅደን ስናንሳፍፈው ለሩብ ሰዓት ያህል የተሳካልኝ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ውኃው በስፌቱ ቀዳዳዎች እየሰረገ ገባና ስፖንጁ ጠጣው። ውኃ የጠጣ ስፖንጅ ውኃ ውስጥ እያለ ክብደቱ አይሰማም፤ ወደ ጠርዙ ልናወጣው ስንል ግን ለሦስት ሰው አልነሣ አለ። ቤት ገብቼ ሳሰላው ምክንያቱ ግልጽ ሆነልኝ፤ የስፖንጁ ይዘት 108 ሊትር ስለሆነ፣ እስኪጠግብ ከጠጣ ክብደቱ ወደ 100 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ለመድረቅ አምስት ቀን ፈጀበት፣ ሽታውም አልለቀቀም። ጀሪካኖቹም ከሥር መሃል ለመሃል ስለታሰሩ፣ ወደ ጎን ትንሽ ዘንበል ባልሁ ቁጥር ሊገለብጠኝ ይዳዳው ነበር። ከዚህ ሁለት ነገር ተማርሁ፤ የሚያንሳፍፈው ነገር ውኃ የማይጠጣ መሆን አለበት፤ መቀመጥ ያለበትም ከሥር ሳይሆን በግራና በቀኝ፣ ከመሃሉ በተቻለ መጠን ርቆ ነው።

ለሁለተኛው ሥራ ከመግዛቴ በፊት ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥሁ። ማንኛውም ተንሳፋፊ ነገር በሚገፋው ውኃ ክብደት ልክ ወደ ላይ ይነሣል፤ አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ሒሳቡ ቀላል ነው። የሰው አካል በውኃ ውስጥ ያለው ክፍል ራሱን በራሱ ይሸከማል ማለት ይቻላል፤ ተሸካሚ የሚያስፈልገው ከውኃው በላይ የወጣው ክፍል ብቻ ነው። የእኔ ክብደት 74 ኪሎ ግራም ነው። ከአካሌ 40 በመቶው ከውኃ በላይ እንዲሆን ብፈልግ 30 ኪሎ ግራም ያህል፣ ለመጋደሚያው ለራሱ ደግሞ 11 ኪሎ ግራም፣ በድምሩ 41 ኪሎ ግራም የሚሸከም ነገር ያስፈልገኛል። ሙሉ በሙሉ ከውኃ በላይ ልሁን ብል ግን ከ85 ሊትር በላይ ይጠይቀኝ ነበር። ስለዚህ ዳሌንና ወገብን ውኃ ውስጥ ማስቀመጥ ዕቃ ይቆጥባል፤ ከዕቃ ቁጠባው በላይ ግን የሰውነት ክብደት ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ መጋደሚያው አይዋልልም፤ ወገብንም ውኃው ራሱ ይደግፈዋል። ከዚህ ሒሳብ በኋላ ልስላሴ የሚለውን ነገር ትቼ፣ የትኛው የአካል ክፍል ምን ያህል ውኃ ውስጥ ይግባ የሚለውን መጠየቅ ጀመርሁ። የቀረው ሥራ ሁሉ የተከተለው ይህንን ጥያቄ ነው።

ስለ አቀማመጡ የሚጠቅመኝን ፍንጭ ያገኘሁት ከጠፈር ምርምር ነው። በ1973 እና በ1974 እ.ኤ.አ. ስካይላብ በተባለው የጠፈር ጣቢያ በቆዩት ጠፈርተኞች ላይ የተደረገው ጥናት፣ ክብደት በማይሰማበት ሁኔታ ጡንቻውን ያላላ ሰው ቀጥ ብሎ እንደማይገኝ አሳይቷል፤ በደረትና በጭን መካከል ወደ 128 ዲግሪ፣ በጉልበት ላይ ደግሞ ወደ 133 ዲግሪ የሚሆን ማዕዘን ይዞ ያርፋል። ይህንን ሳሎናችን ወለል ላይ ሞከርሁት። ምንጣፍ አንጥፌ ከጉልበቴ ሥር የተጠቀለለ ጋቢ፣ ከትከሻዬ ሥር ትራስ፣ ከአንገቴ ሥር ደግሞ ፎጣ አድርጌ፣ ልጄ በትምህርት ቤት ማዕዘን መለኪያው እያየ ከፍና ዝቅ ያደርግልኝ ነበር። ጋቢው ሁለት ጊዜ ሲጠቀለል ጉልበቴ ልክ አገኘ፤ የፎጣው ውፍረት ግን አስቸገረን። 6 ሳንቲ ሜትር ሲሆን አንገቴ ተንጠለጠለ፣ 11 ሲሆን አገጬ ደረቴን ነካ፣ 8 ላይ ረሳሁት። አንገት ድጋፉን የሚረሳበት ቁመት ትክክለኛው ነው ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍሁ።

ለመጋደሚያው ማዕቀፍ የመረጥሁት የፍሳሽ መስመር የሚሠራበትን ባለ 110 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቱቦ ነው። በየግንባታ ዕቃ መደብሩ በ6 ሜትር ርዝመት ይሸጣል፤ እያንዳንዱ ሜትር 9.5 ሊትር ውኃ ስለሚገፋ አንዱ ሙሉ ቱቦ 57 ሊትር ይሆናል፣ ይህም ከሚያስፈልገኝ 41 በላይ በቂ መጠባበቂያ ይሰጠኛል። ርዝመቱን 2 ሜትር፣ ስፋቱን 90 ሳንቲ ሜትር አድርጌ በአራት ክርን መገጣጠሚያ አራት ማዕዘን ሠራሁ። የመጀመሪያው ቀን አንዱ መገጣጠሚያ ማስቲሹ በደንብ ሳይዝ ቀርቶ ውኃ አስገባና በአንድ ጎን መስመጥ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ በቱቦው ውስጥ ክዳናቸው የጠበቀ ባለ 1 ሊትር ባዶ ሃይላንዶች በተርታ አስገብቼ ነው የማሽገው፤ ቱቦው ቢያፈስ እንኳ ጠርሙሶቹ ይሸከማሉ። በጣና ሐይቅ የሚሠራው የደንገል ታንኳ የሚንሳፈፈው በዚሁ ዘዴ ነው፤ በእያንዳንዱ የደንገል ግንድ ውስጥ ብዙ ትናንሽ የአየር ክፍሎች ስላሉ አንዱ ቢሞላ ሌላው ይይዛል። ታንኳው በየጊዜው ከውኃ ወጥቶ ካልደረቀ እየከበደ እንደሚሄድም አስታውሳለሁ፤ ያንን ባስብ ኖሮ ስፖንጁን ባልገዛሁ ነበር።

የሚያኮራኝ ክፍል መጋደሚያው ራሱ ነው። በሰፈራችን ያሉ፣ ጋሽ እያልን የምንጠራቸው አንድ አዛውንት በወጣትነታቸው የጠፍር አልጋ ይጠፍሩ ነበር። ንድፌን ሳሳያቸው በጣታቸው የቱቦውን ጠርዝ እየተከተሉ፣ «ልጄ፣ ጠፍር ሁለቱ ወገን እኩል ካልተወጠረ የተኛውን ሰው ወደ ላላው ወገን ያንከባልለዋል፤ ከመሃል ጀምረህ ወደ ዳር ሂድ» አሉኝ። እንዳሉት አደረግሁ። በቆዳው ጠፍር ፈንታ የጭነት መኪና ዕቃ የሚታሰርበትን 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የፖሊስተር ቀበቶ ተጠቀምሁ፤ ውኃ እምብዛም አይጠጣም፣ ክሎሪንም ከናይለን በተሻለ ይችላል። አግድምና ቁም እያሳለፍሁ ስጠፍረው በየመሃሉ የሦስት ጣት ክፍተት ተውሁ፤ በዚያ ክፍተት ውኃው እየገባና እየወጣ ጀርባን ያቀዘቅዛል። የሁሉንም ቀበቶ ውጥረት እኩል አላደረግሁትም። በዳሌው ሥር ያሉት ሦስቱ ከውኃው ወለል 25 ሳንቲ ሜትር፣ የወገቡ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላሉ፤ የትከሻው ደግሞ ከውኃው በላይ ይቀራል። እያንዳንዱ በመቆለፊያ ስለሚስተካከል ለረጅምም ለአጭርም ሰው ይሆናል።

ይህ ሁለተኛው ቅርጽ በገንዳ ሲሞከር ሁለት ጉድለት ታየበት። አንደኛ፣ የራስጌው ወገን ይሰምጣል። ጭንቅላት፣ እጅና ግንድ ተደምረው ከአካል ክብደት ሁለት ሦስተኛውን ሲይዙ፣ እግሮች የሚይዙት አንድ ሦስተኛ ብቻ ስለሆነ፣ በሁለቱም ጫፍ እኩል ተሸካሚ ማድረጌ ስሕተት ነበር። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ መውጣት አይቻልም። ከውኃው ውስጥ በጎን በኩል ለመውጣት አንዱን ቱቦ ሲጫኑት ሌላው ወደ ሰማይ ይነሣል። እህቴ ሦስት ጊዜ ሞክራ፣ «አንተ፣ ይህ ነገር ከላይ ላለ ሰው እንጂ ከታች ላለ ሰው አልተሠራም» አለችኝ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ሁለቱን ጉድለት ለየብቻ ስፈታ ቆይቼ፣ አንድ ምሽት የግርጌውን 90 ሳንቲ ሜትር ቱቦ በመጋዝ ቆርጬ አወጣሁትና በራስጌው ቱቦ ጎን ደርቤ አሰርሁት። በዚህም የራስጌው ተሸካሚ እጥፍ ሆነ፤ በግርጌው በኩል ደግሞ መግቢያ ተከፈተ። አሁን ሰው ወገብ በሚደርስ ውኃ ውስጥ ቆሞ፣ ጀርባውን ሰጥቶ በሁለቱ ቱቦዎች መካከል ወደ ኋላ ይገባል፤ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ዝቅ ይልና ይጋደማል። ጫፉ ሲከፈት ግን ቀበቶዎቹ ሁለቱን የጎን ቱቦዎች ወደ ውስጥ ስለሚስቧቸው፣ በጉልበት መታጠፊያው ቦታ ከቱቦ ወደ ቱቦ የሚደርስ የአሉሚኒየም ዘንግ አስገባሁና በወፍራም የፎም ጥቅል ሸፈንሁት። ዘንጉ ቱቦዎቹን ያራርቃል፣ ለሚገባው ሰው እንደ በርጩማ የመጀመሪያ መቀመጫ ይሆናል፣ ሲጋደም ደግሞ ጉልበቱን በዚያ ሳሎን ውስጥ በጋቢ ባገኘነው ማዕዘን ይደግፈዋል።

ሦስተኛውን ቅርጽ ይዘን በየካቲት ወር ወደ ላንጋኖ ወረድን። ላንጋኖን የመረጥሁት ከቢልሃርዚያ ነፃ ተብሎ ስለሚታወቅና ዳርቻው ቀስ እያለ ስለሚጠልቅ ነው፤ የቢሾፍቱ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ያሉ በመሆናቸው ከዳር ብዙም ሳይርቁ ይጠልቃሉ፣ ለእንዲህ ያለ ሙከራ አይመቹም። እዚያ ያልጠበቅሁት ነገር ገጠመኝ። የአንገት ትራሱን የሠራሁት ከብስክሌት ከመነዳሪ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ላይ 8 ሳንቲ ሜትር እስኪሆን ነፍቼ ለክቼዋለሁ፤ ላንጋኖ ስንደርስ ግን ለስልሶ 7 እንኳ አልሞላም። አዲስ አበባ ላይ ባዶውን የከደናችሁትን ሃይላንድ ቆላ ስትወርዱ ጎኑ ገብቶ የምታገኙት በዚሁ ምክንያት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር፣ ላንጋኖ ደግሞ ወደ 1,600 ሜትር ላይ ስለሆኑ፣ በታች ያለው የአየር ግፊት ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ ብልጫ አለው፤ የተዘጋው አየርም በዚያው ልክ ይጨመቃል። የሚነፋ ነገር ካላችሁ ሐይቁ ዳር ደርሳችሁ እንጂ ቤት ውስጥ አትንፉት፤ ሲነፋም ፀሐይ ስለሚያሰፋው ጥቂት ጎደል ይበል። የፒቪሲው ቱቦ ግን ግትር ስለሆነ ምንም አልተለወጠም።

ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ብሎ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ባዶው መጋደሚያ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ከእጃችን ርቆ ሄደ። ስለዚህ አሸዋ የሞላ የማዳበሪያ ከረጢት በ8 ሜትር ገመድ አስረን እንደ መልሕቅ ተጠቀምን። ውኃው 1.5 ሜትር ብቻ ሳለ ገመዱን ይህን ያህል ማስረዘሜ፣ አጭር ገመድ በማዕበል ከረጢቱን ወደ ላይ ስለሚያነሣው ነው፤ ረጅሙ ግን ወደ ጎን ይጎትተዋል፣ ከረጢቱም አሸዋው ውስጥ ይቀበራል። እህቴ የሕይወት አድን ጃኬቷን ለብሳ ነበር፤ ዋና የማይችል ሰው ያለ ጃኬት በማንኛውም ተንሳፋፊ ነገር ላይ ሊወጣ አይገባም፤ የእኔም ሥራ የመዝናኛ ዕቃ እንጂ የነፍስ ማዳኛ አይደለም። እጇን በሁለቱ ቱቦዎች ላይ ዘርግታ 40 ደቂቃ ተጋድማ ቆየች። ስትነሣ፣ «ወገቤ የለም፤ ረስቼዋለሁ» አለችና ክንዷን አሳየችኝ። ቀበቶውን ከቱቦው ጋር የያዝሁበት የፕላስቲክ ማሰሪያ ጫፉ በሰያፍ ተቆርጦ ስለነበር ከክርኗ በላይ ሁለት ቀጭን ጭረት አውጥቶባታል። አሁን የሁሉንም ጫፍ ከሥሩ ቆርጬ በጋለ ቢላዋ አድቦልቡዬዋለሁ፤ የተቆረጡትን የቱቦ ጠርዞችም እርጥብ እጅ እስኪያልፍባቸው ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌያለሁ።

የቀረኝ የጉልበቱ ዘንግ ነው። ለእኔ ልክ ቢሆንም፣ ከእኔ 14 ሳንቲ ሜትር ለምታጥረው እህቴ ከፍ ስለሚል ከግማሽ ሰዓት በኋላ እግሯ መደንዘዝ ጀምሮ ነበር። ዘንጉ በ4 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ከፍና ዝቅ የሚልባቸው ሦስት ቀዳዳዎች ያሉት ማቀፊያ ለብረት በያጁ አዝዣለሁ፤ ከፋሲካ በፊት በገንዳ፣ ከዚያም እንደገና ላንጋኖ ላይ እሞክረዋለሁ። ተመሳሳይ ነገር የሠራችሁ ካላችሁ፣ ለአጭርና ለረጅም ሰው ጉልበቱን እንዴት እንዳስተካከላችሁት ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።